ለመኪና ፋብሪካ ስንት ዓመት ይሰጠው? ክርክራችን ከ1ኛው እስከ 34ኛው መልስ

ጥያቄውን በኢንተርኔት መወያያችን ላይ ያነሳሁት እኔ ነኝ። አሜሪካ ውስጥ ከሴፕቴምበር 1 ቀን 2029 ጀምሮ የሚመረት አዲስ የቤት መኪናና ቀላል ጭነት መኪና ሁሉ፣ ሹፌሩ ባይደርስበት እንኳ ራሱ ፍሬን የሚይዝ መሆን አለበት። ደንቡን የመንገድ ደህንነት መሥሪያ ቤቱ ኒትሳ ያወጣው በ2024 ነው። ረቂቁ ላይ የታሰበው የዝግጅት ጊዜ በአብዛኛው ሦስት ዓመት ነበር። ኩባንያዎቹ አይበቃንም አሉ፤ አምስት ተሰጣቸው። ከዚያ ቀደም ግን፣ በ2016፣ 20 አምራቾች ማንም ሳያስገድዳቸው ይህንን ፍሬን እስከ 2022 ድረስ በመኪኖቻችን ላይ መደበኛ ዕቃ እናደርገዋለን ብለው ቃል ገብተው ነበር። ታዲያ አምስት ዓመቱ ለምን አስፈለገ? ብዬ ጠየቅሁ።

አቋሜንም አብሬ አስቀመጥሁ። ለፋብሪካ መዘጋጃ ጊዜ መስጠት ተገቢ ነው። ግን እያንዳንዱ ዓመት ለምን እንደተሰጠ ሕዝብ ሊያውቀው ይገባል። እኔ ሌሊት ነው የምነዳው። በዚህ አገር በ2022 ብቻ ከ7,500 በላይ እግረኞች በመኪና ተገጭተው ሞተዋል። ከአራት ሦስቱ ያህል የሚሞቱት ደግሞ በጨለማ ነው። ጥቁር ጃኬት የለበሰ ሰው ከሁለት የቆሙ መኪኖች መሀል ብቅ ሲል ያየ ሹፌር የማወራው ነገር ይገባዋል።

መልሱ 34 ደርሷል። ሁሉን ለማንበብ ጊዜ ለሌላችሁ ማን ምን እንዳለ በየተራው ላውጋችሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

1ኛው መልስ የመጣው ሚሺጋን ውስጥ ለመኪና ፋብሪካዎች ዕቃ በሚያቀርብ ድርጅት ከምትሠራ መሐንዲስ ነው። በትሕትና ነው የጀመረችው። በ2016 ቃል የተገባውና በ2024 የታዘዘው አንድ እንዳልሆነ አስረዳች። በቃል ኪዳኑ ጊዜ፣ መኪናው በሰዓት 12 ወይም 25 ማይል ሲሞከር በአንዱ ፍጥነቱን በ10 ማይል ከቀነሰ ያልፍ ነበር። ቢገጭም፣ ቀስ ብሎ ከገጨ በቂ ነው ማለት ነው። አዲሱ ደንብ ግን እስከ 62 ማይል ድረስ ፊት ለፊት ያለውን መኪና ጨርሶ እንዳይነካ ይጠይቃል። ግጭት የማይቀር ከሆነ እስከ 90 ማይል ድረስ ፍሬን መያዝ አለበት። እግረኛን ደግሞ እስከ 45 ማይል ድረስ፣ ቀንም ሌሊትም፣ ማየት አለበት። መሥሪያ ቤቱ ራሱ ከሞከራቸው 17 መኪኖች ይህንን የሚያሟላው አንድ ብቻ፣ የ2023 ቶዮታ ኮሮላ፣ እንደነበረም ጨመረች።

2ኛው አመስግኖ ሄደ። 3ኛው ግን ወዲያው ሙቀቱን ጨመረው። ዋሽንግተን ዲሲ ኡበር የሚነዳ ወንድማችን ነው። ስልክ በየዓመቱ እየተቀየረ፣ ካሜራው በየዓመቱ እየተሻሻለ፣ መኪና ላይ ሲደርስ አምስት ዓመት ማለት ቀልድ ነው ባይ ነው። ኮሮላ ከቻለ፣ ያውም ርካሽ ከሚባሉት አንዱ ሆኖ ከቻለ፣ የ60 ሺህ ዶላር መኪና እንዴት አቃተው? ብሎ ጠየቀ። ይህ ጥያቄ እስከ መጨረሻው ድረስ በደንብ የመለሰለት አልተገኘም።

4ኛው ስሌት ይዞ መጣ። መሥሪያ ቤቱ ደንቡ በዓመት ቢያንስ 360 ሰው ያድናል ብሏል። ከሦስት ወደ አምስት ሲገፋ ሁለት ዓመት ጠፋ። ሁለት ጊዜ 360፣ 720 ነፍስ። ብዙዎቻችን ይህን አንብበን ደነገጥን። 5ኛው ቁጥሩን ሳይሆን አነባበቡን አረመ። 360ው የአንድ ዓመት ምርት መኪኖች በሙሉ የአገልግሎት ዘመናቸው የሚያድኑት ነው። አሜሪካ መንገድ ላይ ያለ መኪና አማካይ ዕድሜው ከ12 ዓመት በላይ ስለሆነ፣ በሁለቱ ዓመት መዘግየት የሚጠፋው ሕይወት የሚጠፋው ቀስ እያለ፣ እስከ 2040ዎቹ ድረስ ነው። እርማቱ ትክክል ነው። ለእኔ ግን ነገሩን የባሰ አደረገው። የዛሬ ውሳኔ የሚያስከፍለው ዋጋ ያኔ ማንም ከውሳኔው ጋር በማያያይዘው ቀን ነው የሚመጣው።

6ኛው የመሐንዲሷ ነው፤ ለ3ኛው መልስ ስትሰጥ። ከሁሉም ወፍራሙ ይህ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት። የሙከራ ሜዳ ላይ ሌሊት የሚሆነውን ጻፈችልን። መብራት የሌለው አስፋልት ነው። እግሩን እንደ ሰው የሚያንቀሳቅስ አሻንጉሊት እግረኛ ከመንገዱ ዳር ተነሥቶ ይሻገራል። መኪናው አጭር መብራቱን ብቻ አብርቶ ይመጣል። ካሜራው ያንን ቅርጽ ከጥላው ለይቶ ሰው ነው ለማለት ያለው ጊዜ ከሰከንድ ብዙም አይበልጥም። ይህንን ካለፈ በኋላ ደግሞ ተቃራኒው ፈተና አለ። መንገድ ላይ የብረት ሳህን ይነጠፋል፤ ለቁፋሮ ጉድጓድ መሸፈኛ እንደሚደረገው ያለ። መኪናው እዚያ ላይ ያለ ምክንያት ፍሬን መያዝ የለበትም። በሁለት የቆሙ መኪኖች መሀል ሲያልፍም እንዲሁ። አንዱን ፈተና ለማለፍ ካሜራውን ንቁ ስታደርገው ሌላውን ይወድቃል፤ ሥራው በእነዚህ ሁለቱ መሀል ነው አለች።

ከዚያ ስለ ስልኩ መለሰች። ሶፍትዌር ብቻ ቢሆን ኖሮ አምስት ዓመት ባልተጠየቀ ነበር። ግን ያለው ራዳር በቂ ርቀት ካላየ ሌላ ራዳር ይገባል። ያ ራዳር የሚቀመጠው ከፊት ባምፐሩ ጀርባ ነው። ቦታው ከጠበበ የባምፐሩ ቅርጽ ይለወጣል። ባምፐሩ ሲለወጥ የሚወጣበት የብረት ቅርጽ እንደ አዲስ ይታዘዛል፤ የግጭት ሙከራውም እንደ አዲስ ይሠራል። ፍሬኑ ራሱ ቶሎ ጫና የማይፈጥር ከሆነ እሱም ይቀየራል። አንድ መኪና ዲዛይኑ ከተዘጋ በኋላ ይህንን ለመክፈት የሚቀጥለውን የሞዴል ለውጥ መጠበቅ ይቀላል፤ እሱም በየጥቂት ዓመቱ ነው የሚመጣው።

3ኛው ወንድማችን በ7ኛው መልስ ተመልሶ እስከ ማርያም ቀን ድረስ ብታስረጂኝ አላምንም አለ። አንቱታውንም ተወው። እሷ ግን አልተቀየመችም።

8ኛው መልስ ከ1970ዎቹ ጀምሮ አሜሪካ የኖሩ፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ሰው ናቸው። የኤርባግን ታሪክ አመጡ። በ1977 መንግሥት ኤርባግ ወይም ራሱ የሚታሰር ቀበቶ ከ1982 ሞዴል ጀምሮ ይግባ ብሎ ወሰነ። ኩባንያዎቹ ጊዜ አጠረን አሉ። በ1981 የሬገን አስተዳደር ደንቡን ጭራሹን ሰረዘው። ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። በ1983 ፍርድ ቤቱ አሰራረዙ በቂ ምክንያት የለውም አለ። በ1984 የትራንስፖርት ሚኒስትሯ ኤልዛቤት ዶል አዲስ መሰላል፣ ማለትም ደረጃ በደረጃ የሚገባበትን ፕሮግራም፣ አወጡ። በ1987 ሞዴል ከመኪኖቹ 10 በመቶ፣ ቀጥሎ 25፣ ቀጥሎ 40፣ በ1990 ሞዴል ሁሉም። የፊት ኤርባግ በሁለቱም ወንበር ለቤት መኪና የግድ የሆነው ግን ኮንግረሱ በ1991 ባወጣው ሕግ፣ ከ1998 ሞዴል ጀምሮ ነው። ጋሼ ከ1977 እስከ 1998 ያለውን እናንተ ቁጠሩት ብለው ተዉት። ያኔም ክርክሩ ስለ ዝግጅት ጊዜ ነበር የሚባለው ሲሉ ጨመሩ።

ከ9 እስከ 12 ያሉት እዚህ ላይ ተፋጠጡ። አንዱ ጥድፊያ የገደለው ሰው አለ ብሎ አነሳ። በ1990ዎቹ የፊት ኤርባጎች በቀላል ግጭት ላይ ሕፃናትንና አጫጭር ሰዎችን ገድለዋል። ኒትሳ ራሱ ከ1990 እስከ 2008 ከ290 በላይ ሞት መዝግቧል። ስለዚህ ፋብሪካን አታጣድፉት አለ። ሌላው ደግሞ ምክንያቱ ጥድፊያ አልነበረም ሲል መለሰ። ፈተናው ላይ የሚቀመጠው አሻንጉሊት መካከለኛ ቁመት ያለው ወንድ ነበር። ያውም ቀበቶ ያላሰረ። እሱን በ30 ማይል ለማዳን የተሠራ ኤርባግ ለትንሽ ሴት ልጅ ኃይለኛ መሆኑ አይቀርም። በ2000 ደንቡ ሲሻሻል ትንንሽ ሴቶችንና ልጆችን የሚወክሉ አሻንጉሊቶች ገቡ፤ ችግሩም በብዙ ቀነሰ። እኔ ከሁለተኛው ጋር ነኝ። ፈተናው የተሳሳተ ከሆነ አሥር ዓመት ብትሰጠውም የተሳሳተውን ነገር በደንብ ተዘጋጅቶ ያመጣልሃል።

13ኛው አጭር ነበር፤ ክብደቱ ግን የክርክሩን ግማሽ ያህላል። ሕግ የተማረ ሰው ነው። የ1966ቱ የመኪና ደህንነት ሕግ አንድ ደንብ ከወጣ በኋላ ከ180 ቀን በፊት እንዳይጸና፣ ከአንድ ዓመት በላይም እንዳይዘገይ ይደነግጋል። ከዚያ የሚያልፈው በቂ ምክንያት ሲቀርብ ብቻ ነው። እንግዲህ በሕጉ ልማዱ አንድ ዓመት ነው፤ አምስት ዓመት ልዩ ፈቃድ ነው። ብዙዎቻችን ነገሩን የገለበጥነው ይመስለኛል። ረጅም ጊዜን እንደ መነሻ ወስደን ለምን አይጠርም እንላለን። ሕጉ ግን አጭሩን መነሻ አድርጎ ለምን ይረዝማል ነው የሚለው።

14ኛው መልስ የአንዲት እናት ነው፤ ቨርጂኒያ የምትኖር። ስለ ኋላ ካሜራ ጻፈች። በ2002 ኒውዮርክ፣ ሎንግ አይላንድ ላይ፣ አንድ የሁለት ዓመት ሕፃን አባቱ መኪናውን ወደ ኋላ ሲያስገባ ሞተ። ሕፃኑ ካሜሮን ጉልብራንሰን ይባላል፤ ሕጉም በስሙ ነው የተጠራው። ሕጉ በፌብሩዋሪ 2008 ተፈረመ። መሥሪያ ቤቱ ደንቡን በሦስት ዓመት ውስጥ፣ እስከ ፌብሩዋሪ 2011፣ እንዲያወጣ ታዘዘ። አላወጣም። ቀኑን ደጋግሞ ገፋው። በ2013 አባትየውን ጨምሮ ቤተሰቦችና የሸማች ድርጅቶች ፍርድ ቤት ሄዱ። ደንቡ የወጣው በማርች 2014 መጨረሻ ነው። ከዚያ መሰላሉ ጀመረ፦ ከሜይ 2016 10 በመቶ፣ ከሜይ 2017 40 በመቶ፣ ከሜይ 1 ቀን 2018 ሁሉም።

እናትየዋ ያለችው እንዲህ ነው። ከፊርማው እስከ መጨረሻው አሥር ዓመት ሄደ። ከዚህ ውስጥ ለፋብሪካው የተሰጠው አራቱ ብቻ ነው። ስድስቱን የበላው ቢሮው ነው። መሥሪያ ቤቱ ራሱ ባሰፈረው ቁጥር ወደ ኋላ በሚሄድ መኪና በዓመት በአማካይ 210 ሰው ይሞት ነበር። ከሦስቱ አንዱ ያህል ዕድሜው ከአምስት ዓመት በታች ነው። የተጠየቀው ዕቃ ደግሞ ተአምር አልነበረም። የኋላ ማርሽ ሲገባ በሁለት ሰከንድ ውስጥ፣ ከመኪናው ጀርባ 3 ሜትር ስፋትና 6 ሜትር ርዝመት ያለውን ቦታ የሚያሳይ ምስል። ስክሪኑ ቀድሞ ላለው መኪና ወጪው ከ45 ዶላር አይበልጥም። እሷ መኪናዋን ከማስነሳቷ በፊት ልጆቿ የት እንዳሉ ሁልጊዜ በመስኮት ታያለች፤ ካሜራ ቢኖርም።

ከዚህ በኋላ ክርክሩ ሌላ መልክ ያዘ። እስካሁን ስንከራከር የነበረው ደንቡ ከወጣ በኋላ ስላለው ጊዜ ነው። 14ኛው ከመውጣቱ በፊት ያለውን ሰዓት አሳየን። 15ኛውና 16ኛው ይህንኑ ይዘው የመንግሥት መሥሪያ ቤትን አብጠለጠሉ። 17ኛው ሚኒሶታ የሚኖር ሰው ክረምት ላይ በጨው የተነከረ በረዶ ካሜራውን እየሸፈነው በአውራ ጣቱ እየጠረገ እንደሚነዳ ጻፈ። 18ኛው ምን ዓይነት ሰም እንደሚቀባበት መከረው። ከርዕስ ቢወጡም ጠቃሚ ነው።

19ኛው ከጀርመን፣ ከሽቱትጋርት ነው። አውሮፓ ሁለት ቀን ይሰጣል አለ። አዲሱ የደህንነት ደንብ ለአዲስ ሞዴሎች ከጁላይ 2022 ጀምሮ፣ ለሚሸጡ አዲስ መኪኖች ሁሉ ደግሞ ከጁላይ 2024 ጀምሮ ነው የጸናው። እንደ ገና የሚሠራ መኪና ከመጀመሪያው ከደንቡ ጋር ይሠራል። የቆየው ሞዴል ደግሞ ሁለት ዓመት ተሽጦ ወይ ይስተካከላል ወይ ይቀራል። የቀሩም አሉ። ቶዮታ ጂአር86ን አውሮፓ ውስጥ የሸጠው በዚሁ ምክንያት ለሁለት ዓመት ብቻ ነው። ቤንዚን የሚጠጣው ፖርሽ ማካንም መኪና በኮምፒውተር እንዳይጠለፍ የሚጠይቀው የሳይበር ደህንነት ደንብ ሲመጣ ከአውሮፓ ኅብረት ገበያ ወጣ። 3ኛው ወንድማችን ይህን ሲያይ ደስ አለው። ቆራጥነት እንዲህ ነው አለ። መሐንዲሷ ግን ገዢው የሚያጣው ሞዴል ሁሉ የቅንጦት መኪና እንዳልሆነ፣ ርካሽ ትንንሽ መኪኖችም ወጪውን መቋቋም አቅቷቸው እንደሚወጡ አስታወሰች።

ከ20 እስከ 23 ወደ አገር ቤት ተጓዝን። ነገሩ የጀመረው አንዱ በ2024 መጀመሪያ ኢትዮጵያ የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ስትከለክል ስንት ወር ተሰጠ? ብሎ ሲጠይቅ ነው። ዘመዱ ለመኪና ገንዘብ ከፍሎ ጨርሶ ወሬውን በዜና ሰማ። ሌላው በ2020 የአሮጌ መኪና ኤክሳይስ ታክስ ሲጨምርም እንዲሁ አስመጪው መግቢያ መውጫ አጥቶ እንደነበር አነሳ። ታክስና ክልከላ ከደህንነት ደንብ ጋር አንድ አይደሉም። አስቀድሞ ያልተነገረ ለውጥ ግን የሚጎዳው ትልቁን ሳይሆን ትንሹን ነጋዴ ነው፤ በዚህ ሁሉም ተስማማ። 23ኛው የፈነዳ ኤርባግ ሳይተካ ሽፋኑ ተጣብቆ የሚሸጥ መኪና እንዳለ አስጠነቀቀ። ዳሽቦርዱ ላይ የኤርባግ መብራት ሲነሳ በርቶ ከዚያ መጥፋቱን ሳታዩ አትግዙ ብሎ መከረ። ቁልፉ ሲዞር ጨርሶ የማይበራ ከሆነም ተጠራጠሩ አለ።

24ኛው ላይ ትራክ የሚነዳ ወንድማችን ገባ። እኛ ስለ ቤት መኪና ስንጨቃጨቅ የ2024ቱ ደንብ ከ10 ሺህ ፓውንድ በላይ የሆነውን ተሽከርካሪ እንደማይነካ ነገረን። ለከባዶቹ በ2023 ረቂቅ ወጥቷል። አውሮፓ ግን ይህንኑ ፍሬን ለአዲስ የከባድ መኪና ሞዴሎች ከኖቬምበር 2013፣ ለሁሉም አዲስ ከባድ መኪና ከኖቬምበር 2015 ጀምሮ አስገድዷል። እሱ ራሱ የሚነዳው ትራክ ፍሬኑ አለው። ድልድይ ሥር ሲደርስ አንዳንዴ ያለ ምክንያት ይይዛል። ትራኩ ከነጭነቱ 36 ቶን መዝኖ፣ መንገዱ ረጥቦ፣ እንዲህ ሲሆን ምን እንደሚሰማው ገለጸ። ስለዚህ መሐንዲሷ የጠየቀችው ጊዜ ይሰጣት ባይ ነው።

25ኛው ክፉኛ ተናገረው። የኩባንያ ጠበቃ ሆነሃል፣ እነሱ ሲያሸሹ አንተ ታጨበጭባለህ አለው። 26ኛው ትራክ ነጂው ነው፤ እሱም ቢሮ ተቀምጠህ ስለ መንገድ አትንገረኝ ብሎ መለሰ። 27ኛው ላይ ጋሼ ገብተው ሁለቱንም ገሠጹ። ልጆቼ፣ ሁለታችሁም ሰው እንዳይሞት ነው የምትከራከሩት አሉ። 25ኛው ይቅርታ ጠየቀ። ትራክ ነጂው መልስ ባይሰጥም መልሱን ወደደለት።

28ኛው የእኔ ነው። ከሁሉም ሰምቼ አቋሜን አጠበብሁት። አምስቱ ዓመት በራሱ አያናድደኝም። የሚያናድደኝ መሰላል አለመኖሩ ነው። መኪና እንዳይገለበጥና እንዳይንሸራተት የሚያደርገው የመረጋጊያ ሥርዓት በ2007 ሲታዘዝ በ2009 ሞዴል 55 በመቶ፣ ቀጥሎ 75፣ ቀጥሎ 95፣ በ2012 ሞዴል ሁሉም ተብሎ ነበር። የቻለው ቀድሞ ገባ፤ የከበደው እስከ መጨረሻው ቆየ። ራሱ የሚይዘው ፍሬን ግን አንድ ቀን ብቻ ነው ያለው፣ ሴፕቴምበር 2029። ከዚያ በፊት ምንም ያላደረገ ኩባንያ አንድ ደንብ አልጣሰም።

29ኛው የሕግ ሰው ረቂቁን አስታወሰኝ። ረቂቁ ላይ መሰላል ነበር። አብዛኛው በሦስት ዓመት፣ ከባዱ የሌሊት እግረኛ ክፍል በአራት ዓመት። የመጨረሻው ደንብ ሁለቱን አንድ ላይ ጠቅልሎ አምስት አደረገው። ኒትሳ ያቀረበው ምክንያት አንድ መኪና ሁለቴ ከመክፈት አንዴ መቀየር ይሻላል የሚል እንደሆነ አስረዳ። ያም ሆኖ የኩባንያዎቹ ማኅበር በጃንዋሪ 2025 ደንቡን ተቃውሞ ፍርድ ቤት ሄዷል። በመሥሪያ ቤቱ ግምት ተጨማሪው ወጪ ለአንድ መኪና 23 ዶላር ገደማ ነው። ማኅበሩ ከዚህ እጅግ ይበልጣል ይላል።

እኔም መሐንዲሷን በቀጥታ ጠየቅኋት። ከዚህ ደንብ ውስጥ አዲስ ራዳር ሳይገባ፣ ባምፐር ሳይነካ፣ ቀድሞ ሊታዘዝ የሚችል የትኛው ነው? በ31ኛው መልስ ጊዜ ወስዳ መለሰች። በቀን፣ በከተማ ፍጥነት፣ ፊት ለፊት ያለን መኪናና የሚሻገር እግረኛን በተመለከተ ብዙ መኪኖች ባላቸው ዕቃ ላይ በሶፍትዌር ብቻ ሊደርሱበት ይችላሉ። የሌሊቱና የ62 ማይሉ ግን እውነትም ጊዜ ይፈልጋል። ይህ ከመሰለህ ለደንቡ ክፍሎች የተለያየ ቀን መስጠት ይቻል ነበር አለች። ከእሷ ወገን ይህን መስማቴ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው። የጊዜው ርዝመት ሳይሆን አከፋፈሉ ነው የተበላሸው የምለውም በዚህ ምክንያት ነው። በቀን የሚሻገረውን ሕፃን ዛሬ ማየት የሚችል ካሜራ የሌሊቱ ካሜራ እስኪደርስ አብሮ መጠበቅ አልነበረበትም።

32ኛው ይህንን ሐሳብ ወደ እንግሊዝኛ መልሼ ለምክር ቤት ተወካዬ ልላከው ብሎ ፈቃድ ጠየቀ። ፈቀድሁ፤ ሌሎቻችሁም እንዲሁ አድርጉ።

በ33ኛው የኡበሩ ወንድማችን ተመለሰ። ድምፁ ለስልሷል። በዚህ ዓመት መኪና መቀየሩ ስለማይቀር እስከ 2029 መጠበቅ እንደማይችል ነግሮን ምን ልግዛ አለ። 34ኛው የመሐንዲሷ ነው፤ ይህን ጊዜ አንቱታውን መልሶላት ነበር የጠየቃት። የምርት ስም አልጠራችለትም። የኢንሹራንስ ኩባንያዎች የሚደግፉት የአውራ ጎዳና ደህንነት ተቋም ከ2022 ጀምሮ የሌሊት እግረኛ ፈተናንም እየለካ ደረጃ እንደሚሰጥ ነገረችው። የሚፈልገውን ሞዴል ከነዓመተ ምርቱ ድረ ገጹ ላይ ፈልጎ የሌሊቱን ውጤት ከቀኑ ለይቶ እንዲያይ መከረችው። ያገለገለ ከሆነ ደግሞ የፊት መስታወቱ ተቀይሮ እንደሆነ ይጠይቅ፤ ተቀይሮ ከሆነ ካሜራው እንደገና የተስተካከለበትን ወረቀት ሳያይ እንዳይፈርም።